መስኮቱን ዝጋው

ከአዳማ ወደ አሰላ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ መስኮት አጠገብ መቀመጥ ሹመት ይመስላል እንጂ አይደለም፤ ጥበቃ መቀጠር ነው። መስኮቱ የተሳፋሪው ሁሉ ነው፤ አንተ ዘበኛው ነህ። ይህን የተረዳሁት ገና ከመናኸሪያው ሳንርቅ፣ በላብ ከጀርባዬ የተጣበቀውን ሸሚዜን አላቅቄ መስታወቱን ሁለት ጣት ያህል ገፋ ያደረግሁ ጊዜ ነው።

«ልጄ፣ ዝጋው እባክህ፤ ንፋስ ይመታናል» አሉኝ አጠገቤ የተቀመጡት እማማ። ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበዋል።

«እማማ፣ ሙቀት እኮ ነው።»

«ሙቀት ማንን ገደለ?»

ከኋላ አንድ ሰውዬ ምስክርነት እንደሚሰጥ ሁለት ጊዜ ሳል አደረገ። «አሰላ! አሰላ!» እያለ ግማሽ አካሉን ከበሩ ውጭ አንጠልጥሎ ንፋስ ሲጠጣ የነበረው ረዳት ሳይቀር ወደ ውስጥ አጮልቆ «ወንድም፣ መስኮት!» አለኝ። ዘጋሁት። ከዚያ በኋላ እስከ አሰላ ድረስ አንድ ሚኒባስ ሙሉ ሰው፣ አንድ ጆንያ ነጭ ሽንኩርትና እግሮቿ የታሰሩ ዶሮ አንዱን አየር እየተቀባበልን ሄድን።

የጉዞው ጠንሳሽ የአጎቴ ልጅ ነው። ከሲያትል ለዕረፍት መጣና አሰላ ያሉትን አክስታችንን ጠይቀን፣ በዚያው ጭላሎ ተራራ ላይ ወጥተን እንመለስ አለኝ። ሲያትል የባሕር ዳርቻ ከተማ ናት፤ ጭላሎ ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ልጁ ጠንቃቃ ስለሆነ ሻንጣው ውስጥ ከልብሱ መድኃኒቱ ይበዛል። የፀሐይ ቅባት፣ የከንፈር ቅባት፣ በውሃ የሚበጠበጥ ጨውና ስኳር፣ ሐኪም ያዘዘለት የከፍታ ኪኒን፣ በዚያ ላይ በኮቪድ ጊዜ የተዋወቅናት ጣት ላይ የምትሰካ የኦክስጅን መለኪያ። እኔ የያዝኩት አንድ ሹራብ ነው። ምን ያስፈልገኛል? አዲስ አበባ እኮ 2,355 ሜትር ላይ ነው ያለችው። አሰላ 2,430 ብትሆን ልዩነቱ ከአንድ ሃያ ፎቅ ሕንፃ አይበልጥም። ክፋቱ መንገዱ ቀጥ ብሎ አይወስድም፤ አዳማ ድረስ ሰባት መቶ ሜትር ያህል ቁልቁል ያወርድህና፣ አዋሽን አሻግሮ የወረድከውን ሁሉ መልሶ ያስወጣሃል።

መውጣቱ የሚጀምረው ከዴራ ወዲያ ነው። ኢተያ ስንቃረብ ጆሮዬ ድፍን አለ። የአጎቴ ልጅ ማስቲካ ያኝካል፤ እማማ የተገመሰ ሎሚ ወደ አፍንጫቸው ጠጋ አድርገው ያሸታሉ፤ ረዳቱ ከፊት ወንበር ለተቀመጠችው ልጅ ጥቁር ፌስታል አቀበላት፤ ሁሉም በየራሱ ሕክምና ላይ ነው። ከአዳማ የገዛነው የቺፕስ ከረጢት ሲነሣ ለስለስ ያለ ነበር። ጎንዴ ስንደርስ እንደ ከበሮ ተወጥሯል።

«አየህ» አለኝ የአጎቴ ልጅ ከረጢቱን በጣቱ እየመታ፤ «ውስጡ ያለው አየር ያው ነው። የውጭው ነው የሳሳው።»

ከዚያ ትምህርቱን ቀጠለ። አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን አሰላም ሆነ ሲያትል ያው 21 ከመቶ ነው። ግን ሽቅብ በወጣህ ቁጥር ከላይ የሚጫንህ አየር ስለሚቀንስ፣ አሰላ ላይ አንድ ጊዜ ስትተነፍስ የምታገኘው ባሕር ዳርቻ ላይ ከምታገኘው ሦስት አራተኛውን ነው፤ ጭላሎ ጫፍ ላይ ስድሳ ከመቶ ገደማውን። ስለዚህ የመጀመሪያውን ቀን አርፎ መዋል፣ ውሃ መጠጣት፣ መጠጥ መተው፣ ቀስ ብሎ መውጣት ያስፈልጋል።

«እኛ» አልኩት፣ «በሦስት አራተኛ ተስማምተን ነው የተወለድነው።»

ይህ ኩራት የእኔ ብቻ አይደለም። የደገኛ የሕመም ካርታ ቁልቁል ነው የሚያመለክተው። ውርጭ፣ ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ ብለን አገሩን ስንከፋፍል የበሽታውንም ርስት አብረን አከፋፍለናል፦ ወባ የቆላ፣ ጤና የደጋ። የአክስቴ አባት ለንግድ አዋሽን ተሻግረው ሲወርዱ፣ ምንም ቢመሽ ቆላ አያድሩም ነበር አሉ። ስለ ወባው ልክ ነበሩ። ሰው ለጤናው ይወጣል እንጂ በመውጣት ይታመማል የሚል ነገር ግን በቤታችን ተሰምቶ አያውቅም።

ማስረጃም አናጣም። በ1968 እ.ኤ.አ. ኦሊምፒክ ሜክሲኮ ሲቲ ላይ ሲካሄድ ዓለም በሙሉ «2,240 ሜትር ላይ ሰው እንዴት ይሮጣል?» ብሎ ተጨንቆ ነበር። የ10,000 ሜትር ክብረ ወሰን ባለቤት የነበረው አውስትራሊያዊው ሮን ክላርክ በዚያው ርቀት ስድስተኛ ሆኖ እንደገባ ተዘረረና በኦክስጅን ነው የነቃው። በዚያ ውድድር ሁለተኛ የወጣው ማሞ ወልዴ ከቀናት በኋላ ማራቶኑን አሸነፈ። ሜክሲኮ ሲቲ እኮ ከአሰላ ወደ ሁለት መቶ ሜትር ዝቅ ትላለች! የአሰላ ሰው እዚያ ቢሄድ ወደ ወይና ደጋ የወረደ ያህል ነው።

ስዊድኖቹንም ተመልከቱ። በ1967 እ.ኤ.አ. የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅትን፣ «ካዱ» የሚባለውን፣ ሊያቋቁሙ አሰላ ሲመጡ፣ ከአገራቸው ተራሮች ሁሉ የሚረዝመው ኬብነካይሰ 2,100 ሜትር ገደማ ብቻ ነበር። ስለዚህ አሰላ ገበያ ላይ ቆማ በድንች የምትከራከር ሴት፣ ከስዊድን ተራራ ጫፍ ሦስት መቶ ሜትር ከፍ ብላ ነው የምትከራከረው።

«ኃይሌ ገብረ ሥላሴስ?» አልኩት በመጨረሻ። አሰላ መጥተህ ኃይሌን ካልጠራህ ክርክርህ ጎዶሎ ነው። አሥር ኪሎ ሜትር ሮጦ ትምህርት ቤት፣ አሥር ኪሎ ሜትር ሮጦ ወደ ቤት፤ ሲያድግም ግራ እጁ ደብተር እንዳቀፈ ቀረ።

«ኃይሌ በ2008 እ.ኤ.አ. የቤጂንግን ማራቶን ለምን ተወው?» አለኝ። «አስም አለበትና የከተማውን ብክለት ፈርቶ አይደለም?»

«ይኸው! ቤጂንግ ቆላ ነው። አልኩህ እኮ፣ አደጋው ቁልቁል ነው።»

«በዚያው ዓመት በ2:03:59 ክብረ ወሰን የሰበረበት በርሊንስ? እሱም ቆላ ነው።»

መልስ አላገኘሁለትም። ደግነቱ ደርሰን ነበር።

አክስቴ ቤት የአጎቴ ልጅ ደንብ በአንድ ሰዓት ውስጥ ተናደ። ውሃ ልጠጣ ሲል እርጎ ቀረበለት፤ ቀለል ያለ ነገር ልብላ ሲል ጩኮ። የተቆላ የገብስ ዱቄት በተነጠረ ቅቤ ታሽቶ ድቡልቡል ሆኖ ሲመጣ፣ ቅቤው በጣቶችህ መሃል እየወረደ፣ እምቢ የሚል አርሲ አልተፈጠረም። ለመንገደኛ ጥሩ ስንቅ ነው፤ አይበላሽም፣ ጉልበት ይሰጣል። ግን ስንቅ የሚበላው በመንገድ ላይ በቁራሽ ነው እንጂ በመኝታ ሰዓት በሳህን አይደለም።

ከእራት በኋላ መለኪያዋ ወጣች። የአጎቴ ልጅ የራሱን ለካ፤ 90። የእኔን፤ 92። አክስቴ ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ጣታቸውን አጥበው፣ አድርቀው፣ እንደ ፈተና ተቀምጠው ሰጡት። 96።

«ከስንት ነው?» አሉ።

«ከመቶ፣ እትዬ።»

«አንተስ?»

«ዘጠና ሁለት።»

«ይሁን፣ አልፈሃል» አሉኝ። ከዚያ ጎረቤቶቻቸውን ጠሩ። ያን ማታ ሰባት ሰው ተፈትኖ ማንም አልወደቀም።

እውነት ለመናገር ስለ ደገኛ ደም የሚወራው ሁሉ ጉራ አይደለም። በሰሜን ተራሮች አምባራስ በተባለ 3,530 ሜትር ላይ ባለ መንደር ሰዎች ተመርምረው፣ ውጤቱ በ2002 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ተመራማሪዎቹ የሚያውቁት የፔሩና የቦሊቪያ ደገኞች ቀይ ደማቸውን አብዝተው፣ የቲቤት ሰዎች ደግሞ በደማቸው ባነሰ ኦክስጅን ችለው እንደሚኖሩ ነበር። የአምባራስ ሰዎች ደም ግን የባሕር ዳርቻ ሰው ደም ይመስላል፤ ተራራ ላይ መሆናቸውን ማንም የነገራቸው አይመስልም። ከዚህ ከአርሲ ጎረቤት ባሌ ውስጥማ፣ ፊንጫ ሀበራ በተባለ የዋሻ መጠለያ 3,469 ሜትር ላይ፣ ሰው ከ47,000 ዓመት በፊት ጀምሮ ይወጣ ይኖር እንደነበር በ2019 እ.ኤ.አ. ታውቋል። ምግባቸው የተጠበሰ ትልልቅ ፍልፈል ነበር።

ይህን ለአክስቴ ስነግራቸው ከሁሉም የያዙት አንዱን ነው። «ፍልፈል! ምነው ገብስ አልነበረም?»

ማታ አክስቴ ብርድ እንዳይመታን ብለው የክፍላችንን መስኮት ሽንቁር በጨርቅ ወትፈው፣ በፍም የተሞላ የከሰል ማንደጃ አምጥተው መሃላችን አስቀመጡ። የአጎቴ ልጅ ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ከፍ ያደረገው። ማንደጃውን አንሥቶ ደጅ አወጣ። አክስቴ ተቀየሙ። በዚህ እኔም ከእሱ ጎን ነኝ፣ አልቀልድበትም። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የኦክስጅንን ቦታ ደም ውስጥ ይይዝና የተኛ ሰው ሳይነቃ ይቀራል። በየክረምቱ ቤተሰብ እንዳለ ተኝቶ ቀረ ሲባል የምንሰማው ይኸው ነው። ደገኛን አየሩ አይገድለውም፤ መስኮቱን መዝጋቱ ግን ገድሎት ያውቃል። በማንደጃው ፋንታ ሁለት ሁለት ጋቢ ደረብን፤ ለማስታረቂያ ደግሞ አክስቴ አረቄ ቀዱ። የአጎቴ ልጅ አልጠጣም። እኔ የእሱንም ጠጣሁለት፣ ለብርዱ። አረቄ እንደሚያሞቅ የሚመስለው ደምህን ወደ ቆዳህ አውጥቶ ሙቀትህን ለውጭው ስለሚያድል ነው፤ ተራራ ላይ ደግሞ በእንቅልፍ ጊዜ ትንፋሽን ያዛባል። ይህን የነገረኝ ከጠጣሁ በኋላ ነው።

በማግስቱ እሱ አረፈ። ገበያ ዞረ፣ ውሃ ጠጣ፣ ተኛ። ውሃውን አስፈልቶ ነው የሚጠጣው፤ ያውም ሰዓት እያየ ሦስት ደቂቃ፣ ምክንያቱም አሰላ ላይ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። የአክስቴ ባቄላ ከጠዋት እስከ ቀትር ምድጃ ላይ ውሎ «አልበሰልኩም» የሚለውም በዚሁ ነው። እኔ ያን ቀን ሌላ ጩኮና ሌላ አረቄ ላይ ነበርኩ።

በሦስተኛው ቀን ሌሊት ተነሣን። መኪና እስከሚደርስበት በመኪና፣ ከዚያ በእግር። መሪያችን የአካባቢው ወጣት ነው፤ ከፊት እየሄደ በየአሥር ደቂቃው ወደ እኔ ዞሮ «ሱታ፣ ሱታ» ይለኛል፣ ቀስ በል ማለቱ ነው። እኔ ግን ለአዲስ አበባ ክብር እየተጋደልኩ ነበር። የገብሱን ማሳ አልፈን አስታው ውስጥ ስንገባ ከሁሉም ቀድሜ ነበር። ጅብራው ሲጀምር መሃል ላይ ነበርኩ። ጫፉ ሲታይ መጨረሻ ላይ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ፣ የጫማዬን ክር ሳስር። ክሩ አልተፈታም ነበር።

ራሴን ከሁለቱ ጆሮዎቼ በላይ በኩል አንድ ሰው በሙቀጫ የሚወቅጠኝ መሰለኝ። ፀሐዩ አይሞቅም ግን ያቃጥላል፤ ለካ ከፍ ባልክ ቁጥር ጨረሩ ይበረታል፣ አፍንጫዬ ማታውን እንደ ድንች ተላጠ። እንደ ምንም ጫፍ ደረስኩ። የመጨረሻዋን ጉንጭ ውሃ ጠጣሁና ባዶውን የፕላስቲክ ጠርሙስ ክዳኑን ጥርቅም አድርጌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። የአጎቴ ልጅ «ምን ልታደርግበት?» ሲለኝ «የጭላሎን አየር ለቢሮ ልጆች ልወስድ» አልኩት። የመጨረሻ ቀልዴ እሷ ነበረች።

ከየት እንደመጣ የማላውቀው፣ ኮንጎ ጫማ ያደረገ፣ ጅራፍ በትከሻው የጣለ እረኛ ልጅ ቆሞ ያየናል። የአጎቴ ልጅ መለኪያዋን ጣቱ ላይ ሰካለት፤ 91። የእኔ ላይ ሰካት፤ 77። ልጁ ቁጥሩን አየ፣ እኔን አየ፣ ቁጥሩን አየ። ምንም አላለም። ስምንት ዓመት ቢሆነው ነው።

ከዚያ የሁለቱን ቀን ጩኮ ለጭላሎ መለስኩለት።

የከፍታ ሕመም የሚድነው በመውረድ ነው። ኪኒኑ ያግዛል፣ ኦክስጅን ያግዛል፣ ዋናው ግን መውረድ ነው። ራስ ምታቱ እየባሰ፣ ሰውየው እንደ ሰካራም እየተንገዳገደ ወይም ተቀምጦም ትንፋሽ እያጠረው «ትንሽ ልረፍና እንቀጥል» ካለ አትስማው፤ ሳንባና አእምሮ ውስጥ ውሃ የሚቋጥርበት ዓይነት አለ፣ እሱ ቀጠሮ አይሰጥም። የእኔ ከዚያ አልደረሰም። እንደ አርሲ ወግም በፈረስ ወረድኩ፤ ልዩነቱ የአርሲ ፈረሰኛ ደረቱን ነፍቶ ይቀመጣል፣ እኔ አንገቱን አቅፌ ተኝቼበት ነው። በመንገድ ያገኘን ሽማግሌ ሁሉ ለመሪያችን በኦሮምኛ የሆነ ነገር ይጠይቃል፣ መሪያችን አጭር መልስ ይሰጣል፣ ሁለቱም ዝም ይላሉ። ትርጉም አልጠየቅሁም።

አክስቴ ቤት ስንደርስ ሸንጎ ተቀመጠ።

«ምች ነው» አሉ አክስቴ፤ «ቅቤ በልቶ ፀሐይ ላይ ወጣ።»

«ብርድ ነው» አሉ ጎረቤታቸው፤ «ሲያልበው አንገቱን ገለጠ።»

«ሆዱ ነው፣ ጩኮ አልለመደም» አለ ሌላው። አንዲት ሴትዮ ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እዚያ ላይ ያየው ሰው ይኖር እንደሆነ ጠየቁ። እረኛው ትዝ አለኝ፤ ዝም አልኩ።

«ከፍታው ነው» አለ የአጎቴ ልጅ።

ቤቱ ጸጥ አለ። አክስቴ እንደ ስድብ ነው የወሰዱት። «ከፍታ ሰው ያሳምማል? እኛስ የት ነው የምንኖረው? ቦቆጂ ያሉት ልጆችስ?» ቦቆጂ ከአሰላ በላይ፣ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ሕፃናቱን ገና በጠዋቱ ሲያስሮጥ ኖሮ ደራርቱና ቀነኒሳ፣ ጥሩነሽም የወጡት ከዚያ ነው። አባባላቸው ልክ ነው፤ የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው። እነዚያ ልጆች እዚያው ተወልደው፣ እዚያው እየሮጡ ነው ያደጉት። እኔ ያደግሁት አሳንሰር እየጠበቅሁ ነው፤ አዲስ አበባ ቁጭ ብዬ የከረምኩበት 2,355 ሜትር 4,000 ላይ አይመነዘርም።

ክርክሩ ሳይቋጭ ዳማከሴ ተጨምቆ መጣ፤ ቀጥሎ ፌጦ በሎሚ፤ ቀጥሎ ጤና አዳም የገባበት ቡና። ሁሉንም ጠጣሁ። እውነቱን ለመናገር ራስ ምታቱ ከፈረሱ ስወርድ ጀምሮ ለቆኝ ነበር። ግን ይህን ማን ይሰማኛል? የአሰላ መድኃኒት ሁሉ የሚያድነው ለዚህ ይሆናል እላለሁ፤ በሽተኛው ተራራው ላይ ታሞ፣ ወርዶ ድኖ፣ ከዚያ ነው ዳማከሴው የሚደርስለት።

«አየህ?» አሉ አክስቴ ፊቴን አይተው፤ «ምች ነበር።»

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ዳግመኛ መስኮት አጠገብ ወደቅሁ። አጠገቤ ሌላ እማማ አሉ፤ ያው ነጠላ፣ ያው ሎሚ። ኢተያን እስክናልፍ እንደ ታማኝ ዘበኛ ተቀመጥኩ። ዴራን ወርደን ሙቀቱ ሲጀምር፣ እማማ እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርጋቸው አይቼ መስታወቱን አንድ ጣት ያህል ከፈትኩት። ያ ቀጭን ንፋስ አንገቴን ሲነካኝ የተሰማኝን ደስታ ልገልጸው አልችልም። መልካሳን አለፍን። አዳማ መግቢያ ላይ ስልኬን ፍለጋ ቦርሳዬን ከፈትኩና ያች ጠርሙስ እጄ ገባች። ረስቻት ነበር። አወጣኋት፤ ክዳኗ እንደተጠረቀመ ነው፣ ማንም አልነካትም። ግን ሆዷ ከጀርባዋ ተጣብቋል፣ ወገቧ ተጠማዟል፣ እንደ ጨርቅ ተጨራምታለች። የጭላሎ ስስ አየር ውስጧ ሆኖ የአዳማው ወፍራም አየር ከውጭ ጨምድዷታል።

እማማ ነቅተው ኖሯል። ጠርሙሷን አዩ፤ ቀስ ብለው ዓይናቸውን ወደ መስኮቱ አንሥተው የከፈትኩትን አንድ ጣት አዩ።

«በሰማይ አባቴ!» አሉ በእጃቸው አፋቸውን ይዘው፤ «ላስቲኩን እንኳ እንዴት አድርጎ ነው የመታው!»

ዘጋሁት።